የቦሌ ገበታና የሰንዳፋ አፈር፦ የግብርናችን ዘላቂነት የሚወሰንበት ቦታ



 የተሰጠኝ ርእስ «የግብርናና የምግብ ሥርዓት ዘላቂነት» የሚል ነው። ርእሱ ሰፊ በመሆኑ ወደ አንድ ጥያቄ አጥብቤ አቀርበዋለሁ። ዘላቂነትን ስናስተምርም ሆነ ስንመራመር ዘወትር የምንጀምረው ከገበሬው ማሳ ነው። እርከን ሠራ ወይ? ሰብል አፈራረቀ ወይ? ማዳበሪያውን በመጠኑ ተጠቀመ ወይ? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ሆኖም በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው እርሻ ነገ መኖር አለመኖሩ በአብዛኛው የሚወሰነው ማሳው ላይ ሳይሆን ከተማው ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በኮንዶሚኒየሙ ወጥ ቤት፣ በቆሻሻ ገንዳው አጠገብ፣ በጋራዡና በቆዳ ፋብሪካው ፍሳሽ መውጫ። ዛሬ ላስረዳ የምሞክረው ይህንን ነው። ማስረጃዬንም በአብዛኛው የምወስደው ሁላችሁም ከምታውቁት ከከተማችን ምሥራቃዊ ክፍል ነው።

አስቀድሜ ስለ አንድ ቃል ጥቂት ልበል። «አግሮኢኮሎጂ» ሲባል በእኛ መሥሪያ ቤቶች ቋንቋ በአብዛኛው የሚታሰበው የአየር ንብረት ቀጠና ነው፤ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ እያልን የምንከፋፍለው። ቃሉ በሌላው ዓለም የያዘው ትርጉም ከዚህ ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ1928 ባዚል ቤንሲን የተባለው የእርሻ ሊቅ ሲጠቀምበት ሥነ ምኅዳርን በሰብል ጥናት ላይ ማዋልን ለማመልከት ነበር። ዛሬ ደግሞ ከማሳው አልፎ ገበያውን፣ ገበታውንና ከገበታው የሚተርፈውን ሁሉ ያጠቃልላል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቃቸው 10 የአግሮኢኮሎጂ መሠረታውያን ውስጥ መልሶ መጠቀምና የምግብ ባህል ተካትተዋል። በእኛ ዘንድ ቃሉ በካርታ ላይ የሚቀባ ቀለም ሆኖ መቅረቱ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ሰፊው ትርጉም የሚገልጸውን ሥርዓት የሸዋ ገበሬ ስም ሳያወጣለት ለብዙ ዘመን ኖሮበታል።

ያንን ሥርዓት ለማየት ከመገናኛ ተነሥተን በጉርድ ሾላ፣ በሲኤምሲ፣ በአያት በኩል እንሂድ፤ ወይም ከቦሌ በጎሮ አድርገን ወደ አራብሳ እንለፍ። ለሕንጻ መሠረት ጉድጓድ በተቆፈረበት ቦታ ሁሉ ዓይን የሚገባው ጥቁር አፈር ነው። ገበሬው መረሬ ወይም ወልካ ይለዋል። በክረምት እንደ ሊጥ ይለጠጣል፤ በበጋ ሰው እግሩን እስኪያስገባበት ድረስ ይሰነጠቃል። መሐንዲሶች አይወዱትም፤ ሕንጻ ያነቃንቃል፣ መንገድ ያጣምማል። በአገራችን 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ የሚሸፍነው ይህ አፈር ለገበሬውም ቢሆን ቀላል አልነበረም። ውሃ ይቋጥራል፤ ቶሎ የተዘራበት እህል ሥሩ ታፍኖ ይቢጫል።

የገበሬው መፍትሔ በጊዜ አጠቃቀም ላይ የተመሠረተ ነበር። ማሳውን ደጋግሞ አርሶ፣ በከብት አስረግጦ፣ ጤፉን በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ ይዘራል፤ ጤፍ እርጥበትን ከሌሎች እህሎች ይበልጥ ይችላልና። በሌላው ማሳ ደግሞ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ሽምብራ፣ ጓያና ምስር ይዘራል። እነዚህ ጥራጥሬዎች የሚበቅሉት አፈሩ በክረምት በቋጠረው እርጥበት ነው፤ ዝናብ አይጠብቁም። ሥራቸው ላይ ባሉት ጉብታዎች የሚኖሩ ባክቴሪያዎችም ናይትሮጂንን ከአየር እየወሰዱ ተክሉን ይመግባሉ። በሚቀጥለው ዓመት ጤፉ በሽምብራው ቦታ ይገባል። ጭዱ ለከብቱ ነው፤ ጥቂቱም ከጭቃ ጋር ተቦክቶ የቤት ግድግዳ ይሆናል። የከብቱ እበት ግማሹ ወደ ጓሮ፣ ግማሹ ኩበት ሆኖ ወደ ምድጃ ይሄዳል። በኅዳርና በታኅሣሥ በየመንገዱ ዳር በእቅፍ የሚሸጠው የሽምብራ እሸት የዚህ ሥርዓት አንዱ ፍሬ ነው፤ አሁንም እንበላዋለን፤ የሚመጣበት ግን ከዓመት ዓመት እየራቀ ነው።

ሥርዓቱን እንከን የሌለው አድርጌ ላቀርብላችሁ አልፈልግም። ኩበቱ ሲቃጠል ናይትሮጂኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል። ጤፉ የሚዘራው ዘግይቶ ስለነበር በዋናው የዝናብ ወራት ብዙ ማሳ ባዶውን ቆሞ በጎርፍ ይታጠባል። ይህን ችግር ለመፍታት ጉርድ ሾላ አጠገብ ካለው ግቢ ብዙ ተደክሟል። እ.ኤ.አ. በ1974 የተቋቋመውና በኋላ ወደ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም የተጠቃለለው የአፍሪካ እንስሳት ማዕከል፣ ከአገር ውስጥ የምርምር ተቋማት ጋር ሆኖ ሁለት ማረሻ አጣምሮ ሰፊ መደብና ቦይ የሚያወጣ በበሬ የሚጎተት መሣሪያ ሠራ። የሐሳቡ አንዱ መነሻ በሰሜን ሸዋ፣ በእነዋሪ አካባቢ፣ ገበሬዎች ከነቤተሰባቸው በእጃቸው እየቆፈሩ የሚሠሩት መደብ ነው። መሣሪያው ግን የታሰበለትን ያህል አልተስፋፋም። ለበሬ ይከብዳል፤ ቦዩ የሚያወጣው ውሃም ወደ ጎረቤት ማሳ ከገባ ጠብ ያስነሣል። የአንድ ገበሬ ቦይ መውጫ ካላገኘ ዋጋ የለውም፤ ውሃ መውጫን መወሰን ደግሞ የቀበሌ ሁሉ ጉዳይ ነው። እዚህ ያላችሁ የሥነ ሕዝብና የማኅበረሰብ ጥናት ተማሪዎች ይህን ታሪክ ከግብርና ተማሪዎች ባልተናነሰ ልታጠኑት ይገባል።

አሁን ከተማው ወደዚህ አፈር እንዴት እንደመጣ እንይ። የቦሌ አየር ማረፊያ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሲሠራ አካባቢው የእርሻና የግጦሽ ሜዳ ነበር። ከዚያ በኋላ እድገቱ ለረጅም ጊዜ ቀስ ያለ ሆነ። ፍጥነቱ የመጣው በኮንዶሚኒየም ነው። በ1996 ዓ.ም. በቦሌ ገርጂ የሙከራ ግንባታው ተካሄደ፤ ከዚያም ሰሚት፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ ቡልቡላ፣ ቦሌ አራብሳ ተከተሉ። በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ 11ኛው ክፍለ ከተማ ሆኖ ከቦሌና ከየካ ተቆርጦ ሲወጣ፣ ከአንድ ትውልድ በፊት ጤፍ ይታጨድበት የነበረው ሜዳ የራሱ አስተዳደር የሚያስፈልገው ከተማ ሆኗል ማለት ነው።

ቤት አያስፈልግም የሚል ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም፤ እኔም አልልም። ከእናንተ መካከልም በእነዚህ ሕንጻዎች ውስጥ ያደጋችሁ ብዙ ትኖራላችሁ። የማነሣው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ከመሬቱ ጋር የጠፋው ምን እንደሆነ እንዴት ቆጠርነው? የ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 መሬቱን በቋሚነት ለሚለቅ ገበሬ፣ ከመነሣቱ በፊት በነበሩት 5 ዓመታት ያገኝ የነበረው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ እንዲከፈለው ደነገገ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ይህን አሻሽሎ፣ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 እንዲባዛ አደረገ። ማሻሻያው በእርግጥ ማሻሻያ ነው። ሆኖም ሁለቱም ቀመሮች የሚያባዙት አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ የምርት ገቢን። ገበሬው እህል አምራች ብቻ እንደነበረ ይወስዳሉ። ያ ማሳ የከተማውን ጎርፍ ይጠጣ እንደነበር፣ ከተማው የሚጥለውን አተላና ፉርሽካ በከብቱ በኩል ወደ ወተትና ወደ እበት ይለውጥ እንደነበር፣ በቅርብ ርቀት ላይ የሚገኝ የብስባሽ ተቀባይ እንደነበር በቀመሩ ውስጥ ቦታ የለውም። ከተማው መሬቱን ሲወስድ የራሱን ትርፍራፊ መመለሻ ቦታም አብሮ አጠፋ። ካሣው ለገበሬው ያንሳል አያንስም የሚለው ክርክር ትልቅ ሆኖ ሳለ፣ ይህኛው ኪሳራ ግን ማንም የማይከራከርበት ኪሳራ ነው፤ ባለቤት የለውምና።

ኪሳራውን በቁጥር ለማየት እንሞክር። ስሌቱ የራሴና ግምታዊ ነው፤ ወረቀት ያላችሁ አብራችሁ አስሉት። ጤፍ ከክብደቱ 10 በመቶ ያህሉ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲን ውስጥ ያለውን ናይትሮጂን ለማግኘት በ6.25 እናካፍላለን። እንግዲህ በ1 ኩንታል ጤፍ ውስጥ 1.6 ኪሎ ግራም ገደማ ናይትሮጂን አለ። አንድ ቤተሰብ በዓመት 4 ኩንታል ጤፍ ይበላል ብንል 6.4 ኪሎ ግራም ናይትሮጂን ከአድአ፣ ከምንጃር ወይም ከጎጃም አፈር ወጥቶ ወደዚያ ቤት ገባ ማለት ነው። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጂን ስለሆነ ይህ የ14 ኪሎ ግራም ዩሪያ ያህል ነው። አንድ ሺህ ቤተሰብ ያለበት የኮንዶሚኒየም መንደር ከጤፍ ብቻ በዓመት 140 ኩንታል ዩሪያ የሚተካ ናይትሮጂን ይቀበላል። ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ሥጋውን፣ ፎስፈረሱንና ፖታሲየሙን ገና አልቆጠርኩም።

ይህ ሁሉ የት ይሄዳል? አዋቂ ሰው የበላውን ናይትሮጂን በሰውነቱ አያከማችም፤ ማለት ይቻላል ሙሉ በሙሉ መልሶ ያስወጣዋል፤ ይበልጡንም በሽንት። ስለዚህ 140 ኩንታሉ ጠፍቶ አልቀረም። በየሕንጻው ሥር ባለው የፍሳሽ ጉድጓድ፣ በኮተቤ የፍሳሽ ደለል ማድረቂያ፣ በወንዙ ውስጥ አለ። የተረፈው እንጀራ፣ የድንችና የሽንኩርት ልጣጩ፣ የጎመኑ እንጭጭ ደግሞ በገንዳው ውስጥ። ገበሬው በበኩሉ የወሰድንበትን ለመተካት ከውጭ በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ማዳበሪያ በዕዳ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ገበያ ሲናወጥ ያ ዋጋ ምን ያህል እንደናረ ከገጠር ዘመድ ያለው ሁሉ ሰምቷል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ የለንደን የፍሳሽ ቦይ የእንግሊዝን አፈር ወደ ባሕር እያጠበው ነው ብሎ ሲከራከር ያየው ይህንኑ ነበር። እኛ ባሕር ስለሌለን አፈራችንን የምናጥበው ወደ አቃቂ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው በስሌት የሚያልቅ አይደለም። የቦሌም ሆነ የየካ ደረቅ ቆሻሻ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ከተማውን አቋርጦ በደቡብ ምዕራብ ወዳለው ረጲ፣ ሕዝቡ ቆሼ ወደሚለው ቦታ ሲጓዝ ኖረ። ቆሼ ሞልቶ ስላፈሰሰ አዲስ ቦታ ተፈለገ፤ የተመረጠውም በሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ያለው የሰንዳፋ አካባቢ ነበር። በፈረንሳይ የልማት ድጋፍ የተገነባው ዘመናዊ ማጠራቀሚያ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በዚያው ዓመት፣ በጥር፣ አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያለውን የኦሮሚያ ልዩ ዞን የሚያጣምረው ማስተር ፕላን ከብርቱ ተቃውሞና ከሰው ሕይወት መጥፋት በኋላ ተሰርዟል። የሰንዳፋ ገበሬዎችም ሽታው ከቤታቸው እንደገባ፣ ከቆሻሻው የሚወጣው ፍሳሽ ውሃቸውን እንደበከለ፣ ከብቶቻቸው እንደተጎዱ አቤቱታ አሰሙ፤ ተቃውሞው በረታ፤ ማጠራቀሚያውም ከጥቂት ወራት በኋላ ሥራ አቆመ። ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ የቆሼ ክምር ተናደ። ከ110 በላይ ሰዎች በቤቶቻቸው ውስጥ እንዳሉ ተቀበሩ።

የአደጋው ምክንያት አንድ ብቻ ነው አልልም። ክምር ቆሻሻ ለምን እንደሚናድ የአፈር መሐንዲሶች ያውቁታል፤ ቁልቁለቱ፣ ከፍታው፣ በውስጡ ያለው ውሃና ጋዝ፣ በአጠገቡ የሚደረገው ቁፋሮ ሁሉ ድርሻ አላቸው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። የአዲስ አበባ የቤት ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነው። ክምሩን እርጥብ የሚያደርገው፣ ጋዝ የሚያመነጨው፣ ሰንዳፋ ላይ ውሃውን ያበላሸው፣ የሚሸተውም ይኸው የሚበሰብሰው ክፍል ነው። ለሰንዳፋ ማሳ ማዳበሪያ ሊሆን ይችል የነበረው ነገር ከባትሪ ድንጋይ፣ ከቀለም ቆርቆሮና ከላስቲክ ጋር ተለውሶ መርዝ ሆኖ ሄደ። ገበሬው ከከተማው የሚመጣለትን አልፈለገም ተባለ። ምን መጣለትና? ከ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ረጲ ላይ ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ፋብሪካ አለ። የእኔ ቅሬታ ቀላል ነው፤ ውሃ የተሞላ ልጣጭ ጥሩ ማገዶ አይደለም፤ ተቃጥሎም ናይትሮጂኑ ወደ አፈር አይመለስም።

እስካሁን ያልኩትን የሰማ ሰው «እንግዲያው ሁሉንም ወደ ማሳ መመለስ ነው» ብሎ ሊያስብ ይችላል። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት አለብን፤ ምክንያቱም ከተማው ወደ ማሳ የሚመልስበት አንድ መንገድ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲሠራ ኖሯል፤ ውጤቱንም እናውቃለን። የአቃቂ ወንዞች ዳር የአትክልት እርሻን ማለቴ ነው። በቦሌ በኩል ፒኮክ ተብሎ በሚጠራው ስፍራ፣ በቀራ፣ በጎፋ፣ በአቃቂ ገበሬዎች የወንዙን ውሃ በቦይና በፓምፕ እየሳቡ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጎመንና ቀይ ሥር ሲያመርቱ ኖረዋል። ከከተማው የሚወርደው ውሃ በንጥረ ነገር የበለጸገ ነው፤ ተክሉ ይፋፋል፤ ለማዳበሪያ የሚወጣው ወጪ ያንሳል። አትክልቱ ማለዳ ተቆርጦ በዚያው ጠዋት ገበያ ይደርሳል። በወረቀት ላይ ብቻ ካያችሁት አግሮኢኮሎጂ የሚመኘው ሁሉ አለው፤ አጭር ሰንሰለት፣ መልሶ መጠቀም፣ የከተማ ሥራ ዕድል።

ወንዙ ግን ከወጥ ቤትና ከመጸዳጃ ቤት የሚወጣውን ብቻ አይሸከምም። የቆዳ ፋብሪካ ክሮሚየም፣ የጋራዥ ዘይትና የባትሪ እርሳስ፣ የሌሎች ፋብሪካዎች ካድሚየምም በዚያው ቦይ ይወርዳል። ፍሥሐ ኢታና እ.ኤ.አ. በ2002 በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት ላይ በአዲስ አበባ ቅጠላ ቅጠሎች ውስጥ ስላሉ ብረቶች ጥናት አሳትመዋል፤ ከዚያ ወዲህም በርካታ ተመራማሪዎች በየእርሻው ናሙና ወስደው በውሃው፣ በአፈሩና በቅጠሉ ውስጥ የከባድ ብረቶችን መኖር አረጋግጠዋል። ሰላጣና ቆስጣ ከጥቅል ጎመን ይልቅ ብረትን ወደ ቅጠላቸው እንደሚስቡም እናውቃለን። ናይትሮጂን ተክል ይበላዋል፤ እርሳስና ካድሚየም ግን አይበሰብሱም፤ በአፈሩ ውስጥ ይጠራቀማሉ።

ያሳስበኝ ውጤቱ የተተረጎመበት መንገድ ነው። ጥናት በወጣ ቁጥር በሕዝብ ዘንድ የሚቀረው «የአቃቂ ጎመን አትብሉ» የሚለው ነው። አብቃዩ በማሳው ይጠየቃል፤ ወንዙን የበከለው ግን ከእርሱ በላይ፣ በተፋሰሱ ራስጌ፣ ያለ ነው። ገበሬው ውሃውን አልመረጠም፤ ያገኘው ያ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የወንዝ ዳርቻ ልማት ወንዙን ሊያጸዳ ከቻለ ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን በዳርቻው ላይ ሣርና አበባ የሚተከልበት፣ አትክልት አብቃዩም የሚነሣበት ከሆነ፣ ብክለቱን ትተን የብክለቱን ምስክር አስወገድን ማለት ይሆናል።

ተመሳሳይ ነገር በወተትም አለ፤ ይህን በአጭሩ ልለፈው። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያሉ የወተት ላሞች የሚኖሩት በከተማውና በፋብሪካው ተረፈ ምርት ነው፤ በፉርሽካ፣ በቢራ ብቅል አተላ፣ በኑግ ፋጉሎ። ትርፍን ወደ ምግብ የሚመልስ ግሩም ዑደት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት ግን ከአዲስ አበባና ከአካባቢው በተሰበሰቡት የወተት ናሙናዎች ሁሉ አፍላቶክሲን ተገኘ፤ ዋነኛው ምንጭ ሆኖ የታየውም በአያያዝ ጉድለት የሻገተ የኑግ ፋጉሎ ነበር። ዑደት በራሱ በጎ ነገር አይደለም። የሚዞረው ነገር ንጹሕ ካልሆነ፣ ዑደቱ መርዙን በየዙሩ ያጠራቅማል እንጂ አያስወግድም። ስለዚህ የምናገረው ስለ መመለስ ብቻ ሳይሆን ከመመለስ በፊት ስለ መለየት ነው።

መለየት ይቻላል ወይ? ሕጉ እንዲያ ያዛል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 እያንዳንዱ የቤተሰብ ኃላፊ መልሶ ጥቅም ላይ ሊውል የሚችለውን ከሚጣለው ለይቶ እንዲያስቀምጥ ያስገድድ ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488/1998 ወጥቷል። ሁለቱን አዋጆች ጎን ለጎን አድርጎ ያነበበ ሰው የከተማው ትርፍራፊ ለኦርጋኒክ ማሳው ግብዓት እንዲሆን የታሰበ ይመስለዋል። በተግባር የተገናኙበት ቦታ የለም።

በሌላ በኩል፣ ያለ አዋጅ የሚሠራ መለየት በየሰፈራችን አለ። ቆራሌው ነው። ጠዋት ጠዋት በየኮንዶሚኒየሙ እየተጣራ ቆርቆሮ፣ አሮጌ ጫማ፣ ጠርሙስ ይገዛል፤ የውሃ ፕላስቲኩም ለብቻው ይለቀማል። ማንም ስብሰባ አልጠራም፣ ማንም ሥልጠና አልሰጠም፤ እያንዳንዷ የቤት እመቤት ግን የትኛው ዕቃ ለቆራሌው እንደሚቀመጥ ታውቃለች። ለምን? ገዢ ስላለው። ለድንች ልጣጭ ግን ቆራሌ የለውም። ቆሻሻ የሚሰበስቡት ማኅበራት የሚከፈላቸው በአብዛኛው ባነሡት መጠን እንጂ በለዩት ልክ ስላልሆነ፣ ልጣጩ እርጥብና ከባድ ሆኖ ከሁሉም ጋር ተቀላቅሎ መሄዱ ለእነርሱም አይጎዳም። ስለ ግንዛቤ ማስጨበጫ ብዙ እንሰማለን። እኔ ችግሩ የግንዛቤ አይመስለኝም፤ የዋጋ ነው።

ብስባሽ በማሳ ላይ ይሠራል ወይ ለሚለው ጥያቄ የአገራችን መልስ ከብዙዎች ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1996 በትግራይ፣ በዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና በሱ ኤድዋርድስ ይመራ የነበረው የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት በአራት መንደሮች ብስባሽ፣ የውሃና የአፈር ጥበቃ፣ የመንደር መተዳደሪያ ደንብ አንድ ላይ አድርጎ ጀመረ። በኋላ የተሰበሰበው የምርት መረጃ ብስባሽ ያገኘ ማሳ በኬሚካል ማዳበሪያ ከተዘራው ጋር የሚተካከል፣ ብዙ ጊዜም የሚበልጥ ምርት እንደሰጠ አሳየ። ይህን ሥራ አደንቃለሁ። ሆኖም ወደ አዲስ አበባ ዙሪያ በቀጥታ ሊገለበጥ ይችላል ብዬ አላስብም። እዚያ ገበሬው ብስባሹን የሠራው በራሱ ጓሮ፣ ከራሱ አረምና ከራሱ እበት ነው፤ ምን እንዳለበት ያውቀዋል። እዚህ ብስባሹ የሚሠራው ከማያውቀው ሰው ገንዳ ነው። እዚያ የሚያጥረው የሚበሰብስ ነገር ነበር፤ እዚህ የሚያጥረው እምነት ነው። ሰንዳፋ ላይ አንድ ጊዜ ተጎድቻለሁ የሚል ገበሬ፣ ከከተማ የመጣ ከረጢት ሲቀርብለት የሚጠይቀው የናይትሮጂኑን መጠን አይመስለኝም።

የሰብል ሳይንስ ባልደረቦቼ አንድ ተቃውሞ እንደሚያነሡ አውቃለሁ፤ ትክክልም ነው። የከተማ ብስባሽ የአገሪቱን ማዳበሪያ አይተካም። ብስባሽ ከባድ ነው፤ ንጥረ ነገሩ ስስ ነው፤ 14 ኪሎ ዩሪያ የሚተካ ብስባሽ በአህያ የሚጫን ብዙ ከረጢት ነው። ከአራብሳ እስከ ጎጃም የሚያጓጉዘው የለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ከደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል የወጣውን ቁንጮን የመሰለ ጥሩ የጤፍ ዝርያ አቅሙን የሚያሳየው በቂ ንጥረ ነገር ሲያገኝ ነው። ስለዚህ የእኔ ሐሳብ የተወሰነ ነው፤ ከከተማው ጠርዝ በ30 እና በ40 ኪሎ ሜትር ውስጥ ስላለው መሬት ነው የምናገረው፤ ስለ ሰንዳፋ፣ ስለ ለገጣፎ፣ ስለ ዱከም፣ ስለ አቃቂ። እዚያ ያለው ገበሬ ለአዲስ አበባ አትክልትና ወተት የሚያቀርበው እርሱ ነው፤ ቀጥሎ የሚነሣውም እርሱ ነው። መሬቱ ለከተማው የሚሰጠው አገልግሎት ተቆጥሮ ገንዘብ ከተከፈለበት፣ ለምሳሌ ብስባሽ ሲቀበል እርሱ እንዲገዛ ሳይሆን ለእርሱ እንዲከፈለው ቢደረግ፣ መሬቱን ይዞ ለመቆየት አንድ ተጨማሪ ምክንያት ያገኛል።

መጀመር ያለብን ከቤት ሳይሆን ከገበያ ይመስለኛል። የሾላ ገበያ የአትክልት ተራ፣ የየሰፈሩ የእሑድ ገበያ፣ የጁስ ቤቱ፣ የሆቴሉ ወጥ ቤት የሚጥሉት ብዙውን አንድ ዓይነት፣ ከላስቲክና ከባትሪ የራቀ ነው። ቦሌ ውስጥ ያሉት ሆቴሎች ብቻ በየቀኑ የሚያወጡት ልጣጭ ለመጀመሪያው ሙከራ ይተርፋል። ገዢውም በቅርብ አለ። ራሱ ከተማው በኮሪደር ልማቱ በየመንገዱ ዳር ለሚተክለው ዛፍና ሣር አፈርና ፍግ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ብስባሽ ሰው በማይበላው ላይ ቢፈተን፣ እርሳሱና ካድሚየሙ በየጊዜው ቢለካ፣ ውጤቱም በግልጽ ቢለጠፍ፣ ገበሬው ዓይቶ ለመወሰን ጊዜ ይኖረዋል። የአትክልትና የጓሮ እርሻን የሚያበረታታው የሌማት ትሩፋትም በኮንዶሚኒየም ግቢዎች ውስጥ ሰላጣ ለሚተክሉት ነዋሪዎች ችግኝ ሲሰጥ፣ የሚተከልበት አፈር ከየት እንደመጣ ቢጠይቅ መልካም ነበር፤ ብዙ ጊዜ ከግንባታ ቦታ የተገለበጠ አፈር ነውና።

ለተማሪዎች የምተወው ሥራ አለ። ከዚህ አዳራሽ በታክሲ በሚደረስበት ርቀት ሦስት መለኪያዎች ይጎድሉናል ብዬ አስባለሁ፤ ሦስቱም ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቁ ናቸው። አንደኛው፣ ከአንድ የኮንዶሚኒየም መንደር በሳምንት የሚወጣው የሚበሰብስ ቆሻሻ በክብደትና በንጥረ ነገር ምን ያህል ነው? በጾም ወራትና በፋሲካ ማግሥት ቁጥሩ አንድ እንደማይሆን ከወዲሁ አስቡ። ሁለተኛው፣ በቤት የተለየ፣ በገበያ የተለየና ያልተለየ ቆሻሻ እኩል ጊዜ ቢበሰብሱ የከባድ ብረት መጠናቸው በምን ያህል ይራራቃል? ሦስተኛውን የማኅበረሰብ ሳይንስ ተማሪ ቢወስደው እመርጣለሁ። ሰንዳፋ ሄዶ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ ገበሬዎቹን ምን ዓይነት ማረጋገጫ፣ በማን ፊርማ፣ ቢያገኙ ከከተማው የሚመጣ ብስባሽ እንደሚቀበሉ መጠየቅ። መልሱ «በጭራሽ» ከሆነም መልስ ነው፤ ቀድመን ማወቅ ያለብን መልስ።

ሰዓቴን ጨርሻለሁ። ሰብሳቢው ለጥያቄ 30 ደቂቃ እንዳለን ነግረውኛል፤ የአፈር ሳይንስ ባልደረቦቼ ስለ ስሌቱ የሚሉት እንዳላቸው ከፊታቸው ይታየኛልና ከእነርሱ እንጀምር።